የቄስ ድርሻ ዳቦ

በዳቦ ምክንያት ሰው መትቻለሁ። የመታሁት ሌባ አይደለም፣ ቀማኛም አይደለም፤ በቁርባን ያገባኋትን የገዛ ሚስቴን ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ኧረ ማንም አይዘንልኝ! የምጽፈው ጎረቤቱ ሁሉ «ምስኪን ቄሱ፣ የስኳር በሽታ ከቅዳሴ አስቀራቸው» እያለ ስለሚያወራና ወሬው ስለሰለቸኝ ነው። ስኳር ከቅዳሴ አላስቀረኝም። ያስቀረኝ የገዛ እጄ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል አልፎታል። እኔ አርባ ዓመት የሞላኝ፣ አንገቴ የወፈረ፣ ድምፄ የተወደደልኝ ቄስ ነበርሁ። ጎንደር ከተማ፣ ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ደብር እቀድስ ነበር። ትውልዴ ግን ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ። በልጅነቴ ለትምህርት ከቤቴ ወጥቼ፣ ከሰው ደጅ ቆሜ በለመንሁት ቁራሽ ነው ያደግሁት። ውሻ ባቱን ያልነከሰው የቆሎ ተማሪ የለም፤ እኔን ሦስት ጊዜ ነክሶኛል። ያኔ ከሰው ደጅ ቆሜ ለራሴ የምምለው አንድ ነገር ነበር፤ ቄስ እሆናለሁ፣ ዳቦም እስኪበቃኝ እበላለሁ። ሁለቱም ተሳካልኝ።

ለቄስ ዳቦ አይጠፋም። ክርስትና ሲነሳ ዳቦ፣ ተዝካር ሲወጣ ዳቦ፣ በወር በወሩ ማኅበር ሲጠጣ ዳቦ። ቄሱ ይባርከዋል፣ ቄሱ ይቆርሰዋል፣ የመጀመሪያዋን ትልቅ ቁራሽም ቄሱ ይወስዳል። በታቦት ስም የተቆረሰ ዳቦ ደግሞ እምቢ አይባልም። «ጠግቤያለሁ» ያለ ቄስ ባለዝክሯን፣ ከፍ ሲልም ቅዱሱን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ ቅዱሱን ንቄ አላውቅም፣ እግዜር ያውቃል! በዚያ ላይ ጠላው፣ በዚያ ላይ ጠጁ፣ በዚያ ላይ ፒያሳ ስወጣ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምጠጣው ሻሂ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጥም ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ብውል አልረካም። ቅዳሴ መሀል ሽንት ይወጥረኝ ጀመር፤ መቅደስ የገባ ቄስ ቅዳሴው ሳያልቅ ወዴት ይወጣል? ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከቀሐ ስመለስ ድንጋይ አነቀፈኝና የእግሬ አውራ ጣት ተላጠ። ወር ቢጠብቁት፣ ሁለት ወር ቢጠብቁት፣ ሦስት ወር ቢጠብቁት አልድን አለ። እየሰፋ ሄደ እንጂ።

ሚስቴ አንድ ጧት ከጓሮ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆመች።

«ቄሴ፣ ከሸኑበት ላይ ጉንዳን ሰፍሯል።»

«ጉንዳን የት አይሰፍርም?» አልኋት።

«እኔ ከሸናሁበት አልሰፈረም። ይህ ሸጋ ነገር አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

እንሄዳለን ካለች ተሄደ ማለት ነው። የደምቢያ ሴት ናት፣ የኮላ ድባ ገበሬ ልጅ። በሬ የሞላው ባላገር ሲለምናት አባቷ የሰጡት ለእኔ ነበር፣ ዳዊትና መስቀል ብቻ ለያዝሁት። ልጅ አልወለድንም። ኩራቷ ሁሉ እኔ ነበርሁ፤ ካባ ለብሼ ከመቅደስ ስወጣ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ሰገግ አድርጋ ስታየኝ ከሩቅ አውቃታለሁ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ቁስል የሚያጥብለትና የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ግን የእኛው አገር ሰው ነበር። ድሬሰሩ ሽንቴን ከቀጭን ብልቃጥ ጨመረ፣ ሰማያዊ መድኃኒት ጠብ አደረገበትና በእሳት አፈላው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ ጡብ ቀላ።

«ይኸውልዎ አባ» አለኝ፣ «ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ጤና ነበር። ይህ ሁሉ ስኳር ነው።» ፈረንጁ ደግሞ የሚለውን አለ፤ ስኳር፣ ማር፣ ጠጅ፣ ጠላ ከእንግዲህ የለም። ዳቦ የለም። እንጀራ በአንድ ጊዜ ግማሽ። ካልሆነ ይህ እግር ይቆረጣል።

የጠየቀችው እሷ ናት። «ቄስ ናቸው። እግራቸው ከተቆረጠ እንዴት ሆነው ይቀድሳሉ?»

መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች። በአንድ እግሩ መንበር የሚዞር ቄስ ሁለታችንም አይተን አናውቅም። እግሬ ከሄደ ክህነቴ ሄደ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ሚስቴ ዘወር አለችና «እኔ ቆሜ ሳለሁ ይህ እግር አይቆረጥም» አለችኝ።

እንግዲህ የእኛን ሰው ስሕተት ልንገራችሁ። እኔ በዓመት ውስጥ የምጾመው ቀን ከማልጾመው ይበልጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ መዋል ለእኔ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ቀንስ» ሲለኝ በሆዴ ሳቅሁ፤ ይህን ፈረንጅ ጾም ምን እንደሆነ ማን ባስተማረው እያልሁ። የሳቅሁት ሳላውቅ ነው። የእኛ ጾም ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ሥጋና ቅቤ መተው ነው። ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ግን ስንት እንደበላህ ማን ይቆጥርሃል? አለመብላትን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ትንሽ በልቶ መነሳትን ግን ማንም አላስተማረኝም። እሱን አላውቅበትም ነበር።

ሚስቴ ግማሽ እንጀራዬን በጎመን ታቀርብልኛለች። ከዚያ የሽምብራ ቅቅል በእፍኝ። ከዚያ የተዘፈዘፈ አብሽ፣ መራራ። በቃ። በልቼ ስነሳ ሆዴ እንደ ተዘረፈ ቤት ይጮኻል። የዳቦ ሽታ ከሦስት ቤት ማዶ ይመጣብኛል፤ ምራቄ በጢሜ ይወርዳል። ጥጋበኛ ሰው ባየሁ ቁጥር አንገቱን ልይዘው ያምረኛል። የንስሐ አባታችን የሆኑት፣ የደብሩም አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ «አምሮት ሲመጣብህ አርባ አንድ እግዚኦ በል» ብለው መከሩኝ። እላለሁ። ሃያኛው ላይ ስደርስ የምቆጥረው እግዚኦታ ሳይሆን ድፎ ዳቦ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጠባዬ ተበላሸ። ድሮም ግልፍተኛ ነኝ፤ አሁን ግን ሰይጣን ራሱ ይፈራኝ ጀመር። አንድ ቀን ሞሰቡን በእግሬ ብዬ ከግድግዳ ላተምሁት። ሌላ ቀን በቅሎዬ ቁማ ገብስ ስትበላ አየሁና፣ እሷ እየበላች እኔ መቆሜ አናደደኝና፣ ፊቷን በቡጢ መታኋት። በቅሎ! ምን አደረገችኝ? እጄ ሳምንት አብጦ ሰነበተ። ሚስቴ በውሃ እያጠበችልኝ «ይበሉ፣ እኔንም ይምቱና ይውጣልዎ» አለችኝ እየሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያ ደጀ ሰላም የሆነው ሆነ። ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ዳቦና ጠላ ሲቀምሱ እኔ ጥግ ይዤ ሽምብራ እቆረጥማለሁ። አንድ አፈኛ ደብተራ «ቄሳችን በግማሽ እንጀራ ግማሽ ቅዳሴ ነው የሚቀድሱት» ብሎ ሰውን አሳቀ። ከመቀመጫዬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። በጥፊ ስለው ጥምጥሙ ተፈታ፤ ጉሮሮውን ይዤ ከግንቡ ጋር አጣበቅሁት፤ ዓይኑ ሊፈርጥ ሲል አራት ሰው ሆነው አላቀቁኝ። የያዘው ቁራሽ መሬት ወድቆ ነበር። እናንተ፣ የማየው የነበረው ሰውየውን አልነበረም፣ ቁራሹን ነው!

አለቃው ብቻዬን ጠሩኝ። ስግደት ሰጡኝ፤ ስድሳ ቀን። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ ይህ እጅ መስቀል የሚያሳልም እጅ ነው። ሁለተኛ ሰው ላይ ከተነሳ፣ መስቀሉን አምጣና ሂድ። ሥርዓቱን ከእኔ በላይ ታውቃለህ» አሉኝ። አውቀዋለሁ። ለሌሎች ሳስተምረው የኖርሁት ነገር ነው።

በዚህ መካከል ግን አንድ ብልሃት አግኝቼ ነበር፤ ብልሃት ብዬ ልጥራው እንጂ እብደት ነው። በቤቴ ዳቦ አልነካም። የተባረከውን ግን እበላለሁ። በእመቤታችን ስም የተቆረሰ ዳቦ እንዴት ሰው ይጎዳል? የሚጎዳውስ የፒያሳው ፉርኖ ዳቦ ነው፣ ያልተባረከው! ለራሴ እንዲህ እያልሁ ከማኅበር ማኅበር፣ ከተዝካር ተዝካር ዞርሁ። ሚስቴን «ሽምብራ ብቻ ነው የቀመስሁ» እላታለሁ። ቄስ ሲዋሽ ፊቱ አይለወጥም፣ ስለለመድነው ይሆናል።

ብልቃጡ ግን አሳበቀብኝ። ድሬሰሩ አፈላው፣ ጡብ መሰለ። «አባ፣ ዳቦ በልተዋል።» ሚስቴ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔ አፈርሁ፤ ማፈሩ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ነው የቆየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሄድሁበት ሁሉ ትከተለኝ ጀመር። እኔ ባርኬ እቆርሳለሁ፣ ድርሻዬ ሲሰጠኝ እሷ ከኋላዬ ነጠላዋን ዘርግታ ትቀበላለች። «የቄሱን እኔ እይዝላቸዋለሁ» ትላለች ፈገግ ብላ። እምቢ አልተባለም፣ ቅዱሱም አልተናቀ። ወስዳ ከእንጨት ሳጥን ትቆልፍበታለች፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስራለች፣ በነጋው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ድኾች ታድላለች። ሰው «አይ የቄሱ ሚስት፣ ባሏን እንደ ጥጃ አሰረችው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ጠላኋት። እግሬን ልታድን ደፋ ቀና ስትል ጠላኋት። ቁስሉ እየጠበበ፣ እየደረቀ መጣ፤ ጥላቻዬ ግን አልጠበበም።

የማኅበሩ ተራ ለእኛ ደረሰ። ዕለቱ የእመቤታችን ነው። በማለዳ ቀድሼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ባዶ ሆዴን ወደ ቤት መጣሁ፤ ማኅበርተኛው የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከአጥሩ በር ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ሁለት ድፎ ዳቦ፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ። ገብቼ አየሁ፣ የለም። ሳጥኑ ተቆልፏል።

«ክፈችው» አልኋት።

«ሰው ይምጣ፣ ይባርኩት፣ ቆርሰው ለሰው ይስጡ። ለእርስዎ ሽምብራ ቀቅያለሁ።»

«ቁራሽ ብቻ።»

«ቄሴ፣ ቁስልዎ እኮ ምስር አክላለች። ምስር ናት የቀረችው። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ወጣሁና ከማገዶው ጎን የነበረውን መጥረቢያ ይዤ ተመለስሁ። ልፈልጥ ያሰብሁት ሳጥኑን ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም፣ ሳጥኑን ነበር። እሷ ግን ሮጣ ሳጥኑ ላይ ተኛችበት። በደረቷ ተኛችበት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። «ተነሽ!» አልሁ። አልተነሳችም። መጥረቢያውን ገለበጥሁና በዛቢያው ክንዷን መታሁት። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጨው አለ። አልተነሳችም። ደግሜ ስሰነዝር ቀና ብላ ነበርና አፏ ላይ አረፈ።

አልጮኸችም። ያ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው፣ አለመጮኋ። የምጮኸው እኔ ነበርሁ፤ እንደ በሬ እያጓራሁ ነበር። እሷ በደማው አፏ «ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ። ቄስ ነኛ! ቄስ መታ እንዳይባል እኮ ነው።

በእግሬ ገፋኋትና የሳጥኑን ክዳን ፈለጥሁት። ከላይ ያለውን ዳቦ ሁለት እጄን ሰድጄ ቦጨቅሁት። አልባረክሁም። አላማተብሁም። ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ። እሷ ከመሬት ተቀምጣ የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ ታየኛለች፤ እኔ ቆሜ እጎርሳለሁ። ከእጄ ደም ነክቶት ነበር፣ የእሷ ደም። አየሁት። አየሁትና በላሁት።

ግማሹን ስጨርስ ሆዴ ዝም አለ፤ ያን ጊዜ ልቤ ተመለሰ። ተንበረከክሁ። አንድ ነገር ልናገር ስል «ጊዜ የለንም» አለችኝ። አፏን ታጠበች፤ አንድ ጥርስ ከውሃው ጋር ወጣ። ክንዷን በነጠላዋ አስጠቅልላኝ ከአንገቷ ጋር አሰርሁላት። ሳጥኑን ቁርበት አለበስነው። ማኅበርተኛው ሲመጣ «ከቆጥ ስወርድ ወደቅሁ» አለች፤ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡላት። ከዚያ ያልተነካውን ዳቦ አምጥታ በግራ እጇ ፊቴ አቀረበችው። ተነሳሁ። በዚያው እጄ መስቀሉን አንስቼ ባረክሁት፣ ቆረስሁት። ሁሉም አሜን አለ። እሷም አሜን አለች።

ወጌሻ በማግሥቱ መጣ። አጥንቱን ሲያገጥም ጨርቅ ነክሳ ቻለችው፤ በቀርከሃ አሰረላት። «ይህ ውድቀት ክፉ ነበር» አለ ሰውየው ወደ እኔ ሳያይ። የሚያውቅ ይመስለኛል።

እሑድ የቅዳሴ ተራዬ ነበር። ልብሰ ተክህኖዬን በአንድ እጇ አጥባ ዘርግታልኝ አገኘሁ። «ይሂዱ ይቀድሱ» አለችኝ። «እኔ ወድቄ ነው የተሰበርሁ። ለእግዜር በልባችን እንነግረዋለን፣ ለሰው ምን አገባው? አደራዎን። የለፋሁት ለዚህ ነው።» እሺ ብያት ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ልቀድስ ነበር የወጣሁት። ግን ከቤተልሔሙ ደጃፍ ስደርስ የመሥዋዕቱ ኅብስት ሽታ መጣ፤ እጄን አየሁት፤ ያን ኅብስት በዚህ እጅ ማንሳት አልቻልሁም። ዘወር ብዬ ወደ አለቃው ሄድሁና ከእግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዳቦውን መብላቴን ስነግራቸው ነው ያለቀሱት። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ መስቀሌን ሰጠኋቸው።

በዚያው ሳምንት ድሬሰሩ ጣቴን ፈትቶ አየ። ቁስሉ ገጥሟል። «እንኳን ደስ አለዎ አባ፣ እግርዎ ድኗል!» አለኝ እየሳቀ። ሚስቴ አብራኝ አልመጣችም ነበር፤ መስቀሌን ማስረከቤንም ገና አልሰማችም። እንዴት እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ቀኖቹ አልፈው ነበር።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኋት፤ እግሬ መዳኑንም፣ ክህነቴ መቅረቱንም። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተነሳችና ለድኾች ብላ ያስቀመጠችውን ዳቦ በግራ እጇ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«ብላ» አለችኝ።

«ምነው?» አልሁ።

«ብላ እንጂ። እኔ ክንዴን የሰጠሁት መቅደስ ለሚገባ እግር ነበር። ከእንግዲህ እግርህ ምን ያደርግልኛል?»

ወጥታ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። የታሰረው ክንዷ ይታየኛል። ዳቦው ጉልበቴ ላይ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜም አፌ ምራቅ ሞላ።